ብረትም የኋላ ታሪክ አለው

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው እንፍራንዝ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ኮረብታው ያነሣል፤ በ16ኛው መቶ ዘመን አፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ከዚያ ቆሟልና። እኛ ግን ዛሬ የአንባቢያችንን ዓይን ወደ ታች፣ በገበያ መሬት ላይ ተዘርግተው ወደሚሸጡት ማረሻና ማጭድ ልንመልስ እንወዳለን።

ቀጥቃጩ ብረቱን በፍም አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። በቂ ካርቦን ያለው ብረት ቀስ ብሎ ከበረደ ለዘብ ይላል፤ ፈጥኖ ከበረደ ይጠጥራል። ነገሩ ያው፣ ያሳለፈው ግን ልዩ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ስለ ጠጣር አካላት የሚጻፈው ምዕራፍ ግን በአብዛኛው አቶሞች እንደ ወታደር ተሰልፈው በሚታዩበት ሥዕል ይጀምርና በዚያው ያበቃል። ሰልፍ የሌለው ጠጣር እንደ ጉድለት ይታለፋል። ይህ በእኛ አስተያየት ስሕተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፖል ዱዌዝና ባልደረቦቹ የቀለጠ የወርቅና የሲሊከን ቅይጥን በሰከንድ ወደ ሚሊዮን ዲግሪ በሚጠጋ ፍጥነት አቀዘቀዙ። አቶሞቹ ለመሰለፍ ፋታ አጡና ፈሳሽ ሳሉ የነበራቸውን ዝብርቅርቅ አቀማመጥ እንደያዙ ደረቁ። ብረታዊ ብርጭቆ የምንለው ይህን ነው፤ እንደ መስኮት መስተዋት ግን ብርሃን አያሳልፍም። የቀጥቃጩ ውኃ ለዚህ አይበቃም፤ የእርሱ ብረት ቢጠጥርም ሰልፉን አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ1993 ግን በዚርኮኒየም ላይ የተመሠረተ፣ በዝግታ ቢቀዘቅዝም ብርጭቆ የሚሆን ቅይጥ ይፋ ሆነ።

ታዲያ ጫና ሲበዛበት ምን ይሆናል? በተራ ብረት ውስጥ የአቶሞች ሰልፍ፣ በስጋጃ ላይ እንደሚገፋ እጥፋት፣ ጥቂት በጥቂት ይንሸራተታል። ብረታዊ ብርጭቆ የሚንሸራተት ሰልፍ የለውም፤ በየቦታው በደርዘን የሚቆጠሩ አቶሞች ተቃቅፈው ቦታ ይቀያየራሉ። እስከ 2 በመቶ ያህል ተለጥጦ እንደ ሞላ ይመለሳል፤ አብዛኞቹ ተራ ብረቶች ከ1 በመቶ በታች እጅ ይሰጣሉ። ከዚያ ካለፈ ግን መንሸራተቱ ውፍረቱ በናኖሜትር በሚለካ ስስ ንጣፍ ላይ ይከማችና ዘንጉ በድንገት ይሰበራል።

ጊዜም ይሠራበታል። ሽምብራ በቁና አፍስሰን ቀጭን እንጨት ብንሰካበት በቀላሉ ይገባል። ቁናውን ደጋግመን ብንነቀንቀው ሽምብራው ይረጋል፣ ከፍታው ይቀንሳል፣ እንጨቱም አልገባም ይላል። ብረታዊ ብርጭቆ ከሚለሰልስበት ሙቀት በታች ለረጅም ጊዜ ቢሞቅ እንዲሁ ይረጋል፤ ይጠጥራል፣ ግን በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል። ጥብጣቡን በዘንግ ጠምጥመን አሙቀን ብንፈታው ከፊል ጥምዙን ይዞ ይቀራል፤ ጫናው በውስጡ ላልቷልና። እጅግ የሚያስደንቀን ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ቅዝቃዜ (196 ዲግሪ ከዜሮ በታች) እና በክፍል ሙቀት መካከል ደጋግሞ ማመላለስ የረጋውን ብርጭቆ መልሶ እንደሚያፍታታው ታይቷል።

የብረት ጠባይ በይዘቱ ብቻ ሳይሆን ባሳለፈው እንደሚወሰን በእጁ የሚያውቀውን ሰው አገራችን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ስትለው ኖረች። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ዕድሜ አገኘ። በጎንደር ዙሪያ ብረት ሲቀጠቅጡ ከኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ምን ያህል ጠየቅናቸው?

ለዚህ ጥናት ውድ መሣሪያ ይጠበቅ ማለት የተለመደ ሰበብ ነው። የአቶሞቹን እንቅስቃሴ በአንድ ተራ ኮምፒውተር ማስመሰል ይቻላል፤ ሽምብራና ቁናም በየቤቱ አለ። ለዲግሪ ማሟያ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ በገበያ ቀን እንፍራንዝ ይውረድ፤ አንዱን ቀጥቃጭ ቀርቦ «ጋሼ፣ መንከሪያው ሰዓት መድረሱን በምን ያውቃሉ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱን፣ የብረቱን ቀለም ጭምር፣ በደብተሩ ይዞ ይመለስ።