አዲሱ ብስክሌት ከግቢ ከመውጣቱ በፊት

ልጃችሁ ለወራት ሲለምናችሁ የቆየውን ብስክሌት ገዝታችሁለት ይሆናል። እንኳን ደስ አላችሁ! ነገር ግን በሩን ከፍታችሁ ከመልቀቃችሁ በፊት ጥቂት ብንነጋገርስ?

ብዙዎቻችን ዩኒፎርም ስንገዛ «ያድግበታል» ብለን ሰፋ ያለውን እንመርጣለን። ለዩኒፎርም ብልሃት ነው፤ ለብስክሌት ግን አደጋ ነው። ገና ለማጅ የሆነ ልጅ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሁለቱም እግሮቹ መሬት መርገጥ አለባቸው። እግሩ የማይደርስ ልጅ ሲደነግጥ መቆም አይችልም፤ ይወድቃል። ኮርቻው ዝቅ ብሎም ካልደረሰ፣ ብታፍሩም ወደ ሱቁ ተመለሱና በትንሹ ለውጡት።

«የእኔ ልጅ እንኳ መንዳት ይችላል» የምትሉም አላችሁ። ወንድሜም ይችል ነበር። በሰፈራችን በሰዓት በሚከራዩ አሮጌ ብስክሌቶች ነው የተማረው። የእነዚያ ፍሬን ባለ በሌለ ኃይል ካልተጨመቀ አይዝም። የራሱን አዲስ ብስክሌት ባገኘ በመጀመሪያው ቀን ቁልቁለት ላይ እንደ ለመደው ጭምቅ ሲያደርገው በመሪው ላይ ተሽቀንጥሮ ሁለት ጥርሶቹን አጣ። ፍሬኑ ምንም አልጎደለውም፤ ጥፋቱ በደንብ መያዙ ነበር!

ብስክሌት ፍጥነቱን ሲቀንስ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊቱ ፍሬን ከኋላው ይበልጥ ኃይለኛ ነው። የቀኙ እጀታ የትኛውን ጎማ እንደሚይዝ ደግሞ ከብስክሌት ብስክሌት ይለያያል። ስለዚህ ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ እያሽከረከራችሁ ሞክሩት፤ የትኛው የቱ እንደ ሆነ ልጁ ራሱ ይንገራችሁ። ከዚያም ሜዳ ላይ በኖራ መስመር አስምሩና እዚያ ሲደርስ ይቁም፤ መጀመሪያ በእርጋታ፣ ቀጥሎ ፈጠን ብሎ፣ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ በቀስ እያጠበቀ። ባሕር ዳርና ሐዋሳ የምትኖሩ ሜዳ አላችሁ። አዲስ አበባ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው እንጦጦ 2,300 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ቦሌ የምትወርድ ከተማ ናት፤ ቁልቁለቱ ለመጨረሻ ይቆይ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲስ የፍሬን ገመድ ላላ ይላል፤ ብሎኖችም ይፈታሉ። ያን ጊዜ ወደ ጠጋኙ ብቅ በሉ። ራሳችሁ ለማጥበቅ ከሞከራችሁ ደግሞ የግራው ፔዳል በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚጠብቅ አስታውሱ፤ ብዙ አባቶች ጥርሱን የጨረሱት እዚህ ላይ ነው። ሄልሜት ግንባርን መሸፈን አለበት፤ ወደ ኋላ የተንጋለለ ሄልሜት ጌጥ ነው። መንገድ ላይም ልጁ እንደ መኪኖቹ ቀኙን ይዞ ይሂድ እንጂ ከፊት ለፊት አይግጠማቸው።

ወንድሜ በቅርቡ ለልጁ ብስክሌት ገዝቷል። ቅዳሜ ከሰዓት በባዶ የትምህርት ቤት ግቢ ያለማምደዋል። አራተኛ ሳምንታቸው ነው፤ አስፋልት ገና አልወጡም። ልጁ አኩርፏል።