ወንበር ስቦ ማስቀመጥ ጨዋነት ነው እንዴ?

አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ በር ከፍተን «ሌዲስ ፈርስት» ስንል የሠለጠንን ይመስለናል። ወገኖቼ፣ አሶሳ መንገድ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት የጉሙዝ እናት ትከሻዋ ላይ ዱላ አጋድማ፣ በአንዱ ጫፍ ውኃ፣ በሌላው እንጨት አንጠልጥላ ትሄዳለች። ባልየው እጁን እያወዛወዘ ከፊት ይመራል። ላግዛት ስጠጋ አብሮኝ የነበረው ሹም ሳቀብኝ፤ «ባህላቸው ነው፣ ተወው!» ይኸው ሰውዬ በማርች 8 ስለ ሴቶች እኩልነት ሲደሰኩር ሰምቼዋለሁ! በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴትን የሚጨቁን ልማድ ክልክል ነው ይላል። ለመሆኑ አንብቦታል? እኛስ ብንሆን (ጉሙዝን ለማማት የምንቸኩለው) እናቶቻችን ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ ጥሩንባ እያስጮህን አልፈናቸው የለ? ጨዋ ነኝ የሚል ሹም መጀመሪያ ቧንቧውን መንደሯ ያድርስ፤ ወንበሩን ራሷ ትስበዋለች።