ከበሩ ውጭ ያለው ፍርደኛ

አንድ ሰው ሲታሰር መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የእሱ ስም ብቻ ነው። ፍርዱን የሚገፉት ግን ሁለት ናቸው። ከመቐለ እስከ አዲስ አበባ ቃሊቲ፣ ስንቅ ቋጥሮ ተራ የጠበቀ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ያም ሆኖ ያ ሰው የደከመው ዕለት «ከዳ» ለማለት ሁሉም ይሽቀዳደማል። ሴት ከሆነች ደግሞ ይብሳል።

ጋዜጠኛ ሰርካለም ፋሲል ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ከባለቤቷ ከእስክንድር ነጋ ጋር ታሰረች። ልጃቸውን የወለደችውም እስረኛ ሆና ነው። በሚያዝያ 1999 ተፈቱ። እስክንድር በመስከረም 2004 ዳግም ታስሮ 18 ዓመት ተፈረደበት፤ የወጣው በየካቲት 2010 ነው። በዚያው 2004 የፔን አሜሪካን ሽልማት በስሙ የተቀበለችው እሷ ነበረች። የእሱ ጽናት ጀግንነት ሲባል የእሷ ግን «የሚስት ወግ» ተብሎ ይታለፋል።

መለያየትን የሚያመጣው የልብ መክዳት ብቻም አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 እስረኛ በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዱና በወዳጁ የመጎብኘት መብት ይሰጠዋል። ርዕዮት ዓለሙ ግን በ2006 መግቢያ ቃሊቲ ውስጥ የረሃብ አድማ የመታችው እህቷና እጮኛዋ እንዳይጠይቋት በመከልከላቸው ነው። እጮኛው ሊጠይቃት ፈልጎ ነበር፤ የተዘጋው በሩ ነው።

መጠበቅም ሁልጊዜ ትዳር አያድንም። ዊኒ ማንዴላ ራሷ እየታሰረችና እየተጋዘች የኔልሰንን ስም ለ27 ዓመት ከፍ አድርጋ ይዛለች። እ.ኤ.አ. በ1990 እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ፤ በ1992 ተለያዩ፤ በ1996 ተፋቱ።

ስለዚህ ክህደት በቦታው ይጠራ። ክህደት ማለት የታሰረው ሰው መከላከል በማይችልበት ሰዓት ንብረቱን መሸጥ፣ ምስጢሩን ለከሳሹ ማቀበል፣ ልጁን ከእሱ ማራቅ ነው። «ከዚህ በላይ አልቻልኩም» ብሎ በግልጽ መናገር ድካም እንጂ ክህደት አይደለም።

ዓላማ ያለው ሰውም የሚመልሰው ጥያቄ አለው። ለአገር ከፈልኩ የሚለው ዋጋ ከማን ዕድሜ ላይ ተቆረሰ? የትዳር ጓደኛው ሳይጠየቅ የተከፈለ መሥዋዕትነት ከእሱ ኪስ ብቻ የወጣ አይደለም።

ጎረቤቱና የትግል ጓዱም «ጠበቀችው ወይ?» ብለው ከመጠየቃቸው በፊት፣ የቤት ኪራይዋን ማን እየከፈለላት እንደሆነ ቢጠይቁ ይሻላል።