ከዛፍ የሚማር ቀራጺ

ቅርጻ ቅርጽ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታሰበው በአደባባይ የቆመ የጀግና ሐውልት ነው። ይሁን እንጂ ቀራጺ ከሰው መልክ ብቻ ሳይሆን ከዕፅዋት አስተዳደግም ሊማር ይችላል። በእኔ አስተያየት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለምትኖሩ ወጣቶች ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው።

ከዕፅዋት መማር ማለት የቅጠልን መልክ መቅዳት ማለት አይደለም፤ አስተዳደጉን መመርመር ማለት ነው። ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘውን የመናገሻ ሱባ ደን አስቡ። የጥድ ግንድ የሚወፍረው በአሮጌው እንጨት ላይ አዲሱን በስሱ እየደረበ ነው። የቀድሞውን አይጥለውም፤ ተሸክሞት ያድጋል እንጂ።

የኤልያስ ስሜን ሥራዎች የተመለከተ ሰው ይህን ሥርዓት ያስተውላል። በ1982 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ይህ ባለሙያ የልብስ ቁልፍና ክር፣ ኋላም ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የወጡ ሽቦዎችን ጥቂት በጥቂት እየሰፋና እየጎነጎነ ሰፋፊ ሥራዎችን አዘጋጅቷል። አንዳንዶቹ ከሩቅ ሲታዩ ከተራራ ላይ ቁልቁል የተመለከቱት ማሳ ይመስላሉ። በ2014 ዓ.ም. ሥራው በቬኒስ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ቀርቧል። ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ መካኒሳ ተከፈተ። ግድግዳዎቹ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ ሲሆን ገጻቸውም በእጅ የተቀረጸ ነው። ስለሆነም ቤቱ ራሱ ቅርጻ ቅርጽ ሆኗል።

«ጭቃ የድሀ ቤት ነው፤ ዝናብም ያፈርሰዋል» የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፤ ያለ ጭድ የተለሰነ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ያለ ድንጋይ መሠረት የቆመ ግድግዳም ከሥሩ ይበላል። ነገር ግን ጭዱ እንደ ሥር ሆኖ አፈሩን ሲይዘው፣ መሠረቱ ከእርጥበት ሲጠብቀው፣ የጣሪያው ክፈፍም ዝናቡን ሲያርቅለት የጭቃ ግድግዳ ዘመን ይሻገራል። እንደ ዛፍ ሁሉ ጊዜና እንክብካቤ ይሻል፤ የታችኛው ድርብ ሳይደርቅ የላይኛው ሊጫንበት አይገባም። ስለዚህ ጉድለቱ ያለው በጭቃው ሳይሆን በአሠራሩ ነው።

ዛሬ ሦስቱ አካባቢዎች በፍጥነት እየሰፉ ነው። ማሳው ለብሎኬት ቤት ቦታውን ሲለቅ ጭዱ ይርቃል፤ ጭቃ የሚያውቀው እጅም ሥራ ይፈታል። በሲሚንቶ አይሠራ ማለቴ አይደለም፤ ሰው መጠለያ ያስፈልገዋል። ሆኖም አሮጌውን ሁሉ ጥሎ የሚያድግ ከተማ ከጥዱ ያነሰ ብልሃት አለው። እናንተም ነገ ቀራጺ፣ ግንበኛ ወይም መሐንዲስ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ስለዚህ በሰፈራችሁ የጭቃ ቤት የሠሩ አረጋውያን ሳሉ ቀርባችሁ ጠይቋቸው፤ ጭቃውንም በእጃችሁ አቡኩት። እጅ ያልተማረውን ጥበብ መጽሐፍ ብቻውን ሊያቆየው አይችልም።