እስከ መጨረሻው የሚቆም ሰው

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በፈቃዳችሁ የጀመራችሁትን አገልግሎት መሃል ላይ ብትተዉት የሚጎዳው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ይተካናል፤ ሥራውም ይቀጥላል። ዛሬ የማወጋችሁ አገልግሎት ግን ተጀምሮ ሲተው ጉዳቱ በልጅ ላይ ያርፋል።

በአሜሪካ አንድ ልጅ በቤቱ በደል ሲደርስበት ወይም የሚንከባከበው ሲያጣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ልጁ ወደ ወላጆቹ ይመለስ ወይስ ሌላ ቤት ይፈለግለት? ዳኛው መወሰን አለበት። በሲያትል ዴቪድ ሱካፕ የተባሉ ዳኛ ስለ ልጆቹ የሚቀርብላቸው መረጃ አልበቃ ቢላቸው፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ተራ ነዋሪዎች በበጎ ፈቃድ ለልጆች እንዲቆሙ አደረጉ። ሐሳቡ ወደ ሌሎች ግዛቶችም ተዛመተ። እነዚህ ሰዎች በአጭር ስማቸው «ካሳ» ይባላሉ፤ በእኛ ቋንቋ ካለው ካሳ ጋር ግን ዝምድና የለውም።

ካሳዎች ደመወዝ የላቸውም፤ የሕግ ባለሙያ መሆንም አይጠበቅባቸውም። ማንነታቸው ተጣርቶ፣ 30 ሰዓት ገደማ ሠልጥነው በዳኛ ይሾማሉ። ልጁን ይጎበኛሉ፤ ወላጆቹን፣ አሳዳጊዎቹንና መምህራኑን ያነጋግራሉ፤ ያዩትንም ለዳኛው በጽሑፍ ያቀርባሉ።

ታዲያ ለምን ያህል ጊዜ ያገለግላሉ? ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ቢያንስ የአንድ ዓመት ቃል ያስገባሉ። ዋናው መልስ ግን «የልጁ ጉዳይ እስኪዘጋ» የሚል ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ልጁ በጊዜያዊ አሳዳጊዎች እጅ በገባ በ12 ወር ውስጥ ስለ ቋሚ መኖሪያው ችሎት እንዲቀመጥ ያዛል። ልጁ ከ22 ወራት ውስጥ 15ቱን በዚያ ካሳለፈ ደግሞ፣ ሕጉ ከሚፈቅዳቸው ምክንያቶች በቀር፣ ግዛቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ ማመልከት አለበት። ይግባኝና ጉዲፈቻ ሲጨመሩበት ጉዳዩ ሁለት ዓመት ቢያልፍም አያስደንቅም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጁ ቤት ሊቀይር ይችላል። ትምህርት ቤቱ ይለወጣል። ሶሻል ወርከሩም ሥራ ለቅቆ ሌላ ይተካል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያውቀው ሰው ካሳው ብቻ ሊሆን ይችላል። እርሱም ከሄደ ዳኛው ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ያጣል፤ ልጁም አንድ ትልቅ ሰው ዳግመኛ ትቶት እንደሄደ ይቆጥራል።

እንግዲህ በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን፣ ለዚህ አገልግሎት ከመመዝገባችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ወደ ሌላ ከተማ ለመዛወር አስባችኋል? የሥራ ፈረቃችሁ በቀን ፍርድ ቤት ለመገኘት ይፈቅድላችኋል? ባለቤታችሁ ተስማምተዋል? ምስጢርስ ትጠብቃላችሁ? የልጁን ስምና ታሪክ በጸሎት ርዕስነት እንኳ ጉባኤ ፊት ማንሳት አይቻልም።

መልሳችሁ «አሁን አልችልም» ከሆነ አትፈሩ፤ አስቀድሞ እውነቱን መናገር ልጁን ከሌላ ኀዘን ያድነዋል። «እችላለሁ» ካላችሁ ደግሞ በየወሩ የምትሰጧቸው ጥቂት ሰዓታት አንድ ልጅ ቋሚ ቤት እስኪያገኝ ድረስ ብቻውን እንዳይሆን ያደርጉታል።