ማዕረጉ ለወንድ ብቻ፤ የሌስተር ኧርሎች ታሪክና ያልተነካው የውርስ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የብሪታንያ መንግሥት በውርስ ማዕረግ የሎርዶች ምክር ቤት አባል መሆንን የሚያስወግድ ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ አቀረበ። የ1999ኙ ሕግ የአብዛኞቹን ባለማዕረጎች መቀመጫ ሰርዞ 92 ብቻ ትቶ ነበር። ክርክሩ ያተኮረው በምክር ቤቱ ወንበር ላይ ነው። በመሬት ለሚተዳደር ሰው ግን የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ማዕረግና መሬት ወደ ማን ያልፋሉ? በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ የሚገኘው የኩክ ቤተሰብ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ቶማስ ኩክ በ1744 የሌስተር ኧርል ተባሉ። ኧርል ከዱክና ከማርኪስ ቀጥሎ የሚመጣ የመኳንንት ማዕረግ ሲሆን፣ እንደ አብዛኞቹ ማዕረጎች የሚወርደው በወንድ የዘር ሐረግ ነው። አንድ ልጃቸው ዘር ሳይተካ ቀድሟቸው በመሞቱ፣ በ1759 እሳቸው ሲያርፉ ማዕረጉም አብሮ ከሰመ። የሆልከም ርስት ግን ለእኅታቸው ልጅ ተላለፈ፤ ወራሹም የአባቱን ስም ትቶ ኩክ ተባለ። ማዕረጉ ሊሻገረው ያልቻለውን የሴት ሐረግ መሬቱ ተሻገረው።

በ1776 ርስቱን የተረከቡት የዚሁ ወራሽ ልጅ ቶማስ ዊልያም ኩክ ስማቸውን ያገኙት በእርሻ ነው። ለተከራይ ገበሬዎች እስከ 21 ዓመት የሚዘልቅ ውል ሰጡ። ውሉ ረጅም በመሆኑ ገበሬው አፈሩን ቢያዳብር የድካሙን ፍሬ ራሱ ይበላል። ስንዴ፣ ለከብት መኖ የሚውለው ተርኒፕ የተባለ ሥራ ሥር፣ ገብስ፣ ከዚያም የማገጥ ዘመድ የሆነው ክሎቨር በየተራ ይዘሩ ነበር። ክሎቨር ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ይመልሳል። ፈረቃውን ኩክ አልፈጠሩትም፤ በየዓመቱ በበግ ሽለታ ወቅት ገበሬዎችን እየሰበሰቡ የተሻለ አሠራር እንዲስፋፋ ግን አግዘዋል። በ1837 የኧርልነት ማዕረግ ለቤተሰቡ እንደ አዲስ ተሰጠ።

አምስተኛው ኧርል በ1976 ሲሞቱ ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ማዕረጉ ግን እነሱን አልፎ በደቡባዊ አፍሪካ ይኖር ለነበረ የአጎት ዘር ተላለፈ፤ ርስቱም በዚያው ሐረግ ቀጠለ።

የሥርዓቱ ደጋፊዎች ወራሹ አንድ ሲሆን መሬቱ ሳይሸነሸን ይቆያል ይላሉ። መከራከሪያው ክብደት አለው፤ ማሳ በተከፋፈለ ቁጥር አቅሙ ይሳሳል። ነገር ግን ይህ ወራሹ አንድ እንዲሆን ያስገድድ እንደሆነ እንጂ ወንድ እንዲሆን አያስገድድም። ብሪታንያ በ2013 ባወጣችው ሕግ በዘውዱ ውርስ ወንድ ልጅ ከእኅቱ ይቀድም የነበረውን ልማድ ሽራለች። የባለማዕረጎቹን ውርስ ግን አልነካችም። የ2024ቱ ረቂቅም ያነሣው ወንበሩን ብቻ ነበር፤ የሴቶች ልጆች ጉዳይ ሌላ ሕግ ይጠብቃል።