ሮምን ሁለቴ፣ ግሽ ዓባይን አንዴም

በፈረንጆች ክረምት የአውሮፕላን ቲኬት ረከስ ሲል ሮምን ለሁለተኛ ጊዜ አይቶ የተመለሰ የአዲስ አበባ ሰው ወሬው አያልቅም። ኮሎሲየምን ደጋግሞ ዞሯል፤ ብርዱን እንኳ እንደ ጀብዱ ያወራዋል። መሄዱ ባልከፋ! ነገር ግን ይኸው ሰው ወደ ባሕር ዳር ሲመላለስ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን የሚያውቃቸው ምሳ በልቶ በማለፍ ብቻ ነው። ከሁለቱ ከተሞች በስተሰሜን፣ በሰከላ፣ የዓባይ ምንጭ ግሽ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ባሕር ተሻግረው መጥተው አይተውታል። የእኛው ሰው ግን ከአስፋልቱ መታጠፍ አቃተው።

«መንገዱ ሰላም የለውም» ይለን ይሆናል። እውነት ነው፤ ጎጃም ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ወዲህ ጦርነት አይታለች፤ ስሟ «የሰላም መንገድ» የሆነው ከተማም ሰላም ናፍቃለች። ሰላም በነበረባቸው ዓመታትስ ማን ያዘው? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ ነው እንጂ። በመኪና መስኮት ብቻ ያየነው ገበሬ ቤቱ ሲነድ ጭሱ አይሸተንም። ሮም የትም አትሄድም። መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያው ቲኬታችን የቡሬ አውቶቡስ ይሁን።